ተኝቷል

የአክስቴ ልጅ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ስትመጣ እቤት ውስጥ ኮሽ አይልም። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ባለሁለት መኝታ አፓርታማ ነው። አንዱ ክፍል የሷና የባሏ፣ ሌላው የኔና የሰባት ዓመት ልጃቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሰኔ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እኔና ትንሿ ቁርስ እየበላን የእናቷ ስልክ ጮኸ። ከአዲስ አበባ አያቷ ናቸው። ልጅቷ ከኔ ቀድማ አነሳችና በዚያች እንግሊዝኛ በሚሸታት አማርኛዋ «ማሚ እየተኛች ነው» አለቻቸው።

«እየተኛች ነው? ገና አልተኛችማ! በይ ቶሎ ስጪኝ፣ እንቅልፍ ሳይወስዳት» አሉ አያት።

«ኖ! እየተኛች ነው!»

«ገባኝ እናቴ፣ ሳትተኛ አገናኚኝ ነው የምልሽ።»

ስልኩን ተቀብዬ ነገሩን ካስረዳሁ በኋላ ልጅቷን አረምኳት። «እየተኛች ነው» አይባልም፣ «ተኝታለች» ነው የሚባለው አልኳት። ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ። «በልቻለሁ ማለት ጨርሻለሁ ማለት ነው ብለሽኝ ነበር» አለችኝ።

«አዎ።»

«ማሚ ግን አልጨረሰችም። አሁንም ትተኛለች።»

መልስ አልነበረኝም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስናገረው የኖርኩት ቋንቋ ነው፤ የዕለት እንጀራዬም ከዚሁ ቋንቋ ነው የሚወጣው፤ ግን አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ እህል እያላመጠች አፋጠጠችኝ። «በቃ እንደዛ ነው የሚባለው» አልኳት፤ መልስ ያጣ ትልቅ ሰው ሁሉ እንደሚለው።

ጥያቄዋ ግን አልለቀቀኝም። ሌስላው የሚባል ሰው ያውቁት እንደሆነ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ጠየቅኩ። ቮልፍ ሌስላው ፖላንድ ተወልዶ፣ ሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ ዕድሜውን በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ላይ የፈጀ ሰው ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ከ1000 ገጽ በላይ ነው። ሲያነሱት እጅ ያደክማል። ማታ ማታ፣ ልጅቷ ከተኛች በኋላ (አያችሁ? «ከተኛች በኋላ»)፣ የግሡን ክፍል ማንበብ ጀመርኩ። የገዛ ቤትን ካርታ እንደማየት ነበር። አንዳንዱ ገጽ አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። አንዳንዱ ላይ ግን ቁጭ ብዬ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ለልጅቷ በመጨረሻ የሰጠኋት መልስ ይህን ይመስላል። በአማርኛ መተኛት የምንለው ጎን ማሳረፉን፣ እንቅልፍ ውስጥ መግባቱን ነው። ጭንቅላት ትራስ ሲነካና ዓይን ሲከደን ድርጊቱ አበቃ። ከዚያ በኋላ ያለው ስምንት ሰዓት ሰውየው ያረፈበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ «እየተኛች ነው» ካላችሁ ብርድ ልብሷን እየገለጠች ነው፤ «ተኝታለች» ካላችሁ ገብታበታለች፣ እዚያው ነች። መቀመጥም፣ መቆምም፣ መልበስም እንዲሁ ነው። «ቀይ ሹራብ እየለበሰ ነው» ከተባለ አንድ እጁ ገና አልገባም፤ ሹራቡ ከላዩ ላይ ካለ «ለብሷል» ነው። «አግብቷል» ስንል ሠርጉ ያኔ አልቋል፤ ትዳሩ ግን ዛሬም አለ። ርቦኛል፣ ደክሞኛል፣ ገብቶኛል፣ ናፍቀሽኛል። እነዚህ ሁሉ ያለቀ ድርጊት መልክ ይዘው የሚያወሩት አሁን ስላለ ነገር ነው። ናፍቀሽኛል ስላት እናቴን፣ መናፈቁን ጨርሼዋለሁ ማለቴ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ይሄ ከየት መጣ ብሎ ለጠየቀ፣ ቃሉን ሰንጠቅ አድርጎ ማየት ነው። «ተኝቶ» አለ፤ የጥንቶቹ የሰዋስው መምህራን ቦዝ አንቀጽ የሚሉት (ስሙን በሰማሁ ቁጥር ሰፈር ጥግ ላይ የሚቆሙ ቦዘኔዎች ናቸው ትዝ የሚሉኝ)። ብቻውን ዓረፍተ ነገር አይዘጋም፤ «ተኝቶ…» ብላችሁ ዝም ብትሉ ሰው «እሺ፣ ተኝቶ ምን?» ይላችኋል። ከኋላው «አለ» ሲመጣለት ይቆማል። ተኝቶ አለ፣ ተኝቷል። ሄጄ አለሁ፣ ሄጃለሁ። በልቼ አለሁ፣ በልቻለሁ። በእያንዳንዱ ውስጥ «መኖር» ተቀብሯል። ሰው ቤት ገብታችሁ «ብሉ እንጂ» ስትባሉ «በላሁ» ብላችሁ የማትመልሱት ለዚህ ነው። «በላሁ» ወሬ ነው፤ መቼ፣ የት፣ ምን በላሽ ያስብላል። «በልቻለሁ» ግን ሆዴ ውስጥ አለ፣ አሁን ቦታ የለኝም ነው። (ማንም ሰምቶ እንደማይተዋችሁ የታወቀ ነው።)

ትምህርት ቤት ይህንን «ቅርብ ኃላፊ» ብለው ነበር ያስተማሩን። ቅርብ! ቅድመ አያቴ ማይጨው ዘምቷል። 1928 ዓ.ም. ነው፤ ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው ቅርብ የሚሆነው? ቅርብ የሆነው ጊዜው ሳይሆን ትርፉ ነው። ዘማች መሆኑ ዛሬም የቤተሰባችን ንብረት ነው፤ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል።

በተቃራኒው ምግብ ቤት ገብታችሁ አስተናጋጁን ስትጠሩት ጀርባውን ሰጥቷችሁ «መጣሁ!» ይላል። ያለቀ፣ የተዘጋ፣ ፍጹም ኃላፊ። ሰውየው ግን እየራቀ ነው። ይሄኛውን ለልጅቷ ላስረዳት አልሞከርኩም።

ሥራዬ የስልክ አስተርጓሚነት ነው። ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ መኝታ ቤቴ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ከአንዱ ስቴት ሆስፒታል ወይ ትምህርት ቤት ይደወላል፤ በአንድ ጆሮዬ ሐኪም፣ በሌላው አንዲት እናት። ሕጉ ቀላል ነው። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ባለጉዳይዋ «እኔ» ስትል አንቺም «እኔ» በይ። ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ትጠይቃለች» ብለሽ ጠይቂ። ይቺን የመጨረሻዋን መጀመሪያ ሰሞን ብዙም አልጠቀምባትም ነበር። ስጠይቅ ቋንቋ የማልችል ይመስለኝ ነበር።

በዚያው በሰኔ መጨረሻ አንዲት ትልቅ ሴት ገጠሙኝ። የሚለያቸውን ዝርዝር ትቼዋለሁ። የደም ግፊት ነው። ሐኪሟ የታዘዘላቸውን ኪኒን እየወሰዱ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እኔም «መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው ወይ?» አልኳቸው።

«እወስዳለሁ፣ እወስዳለሁ» አሉ።

በእንግሊዝኛ፣ አዎ፣ ይወስዳሉ አልኩ። ሐኪሟ ጥቂት ጻፈችና ግፊቱ አልወረደም፣ ስለዚህ መጠኑን እጥፍ እናደርገዋለን አለች። ለሴትየዋ ነገርኳቸው።

«ኧረ ዶክተር! ምኑን ነው እጥፍ የሚያደርጉት? ልጄ ገና መች ገዝቶልኝ! ሲያመጣልኝ እወስዳለሁ ነው እኮ ያልኩት።»

ሰውነቴ ቀዘቀዘ። «እወስዳለሁ» በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው። በየቀኑ ቡና እጠጣለሁ፤ ነገም ቡና እጠጣለሁ። ልማድም ነው፣ ቃል መግባትም ነው። እንግሊዝኛው ግን አንዱን ምረጪ ይላል፤ እኔ ደግሞ መረጥኩላቸው። አሁን ሳስበው ድምፃቸው ነግሮኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ደግመው፣ ፈጠን አድርገው «እወስዳለሁ፣ እወስዳለሁ» ያሉት፣ ልጅ እያለን «ክፍልሽን አጽጂ» ስንባል «አጸዳለሁ፣ አጸዳለሁ» የምንለው ዓይነት ነበር። እንደዛ የሚባለው ላልጀመሩት ነገር ነው። የአስተርጓሚዋ ስሕተት መሆኑን ተናግሬ ሁሉንም አስተካከልኩ። ሐኪሟ ምንም አልመሰላትም፤ አመስግናኝ ቀጠለች። እኔ ግን ስልኩ ሲዘጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴትየዋ ዝም የሚሉ ሰው ቢሆኑስ? እንደ ብዙዎቹ እናቶቻችን «እሺ ዶክተር» ብለው ቢዘጉስ?

ከዚያ ቀን በኋላ ኮምፒውተሬ ላይ አንድ ቢጫ ወረቀት ለጠፍኩ፤ «ልማድ ነው ወይስ ገና?» የሚል። ሕመምተኛ «ያመኛል» ሲለኝ ሁልጊዜ ነው ወይ እላለሁ። «እያመመኝ ነው» ከሆነ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ነው። «አመመኝ» ከሆነ መቼ ብዬ እጠይቃለሁ። «አሞኛል» ከሆነ አንድ ቦታ የሚጠቁመው የለም፣ ሰውየው በሕመም ውስጥ አለ። አራቱንም አንድ አድርጌ የምተረጉምበት ጊዜ አልፏል ብዬ ነበር። ጎበዝ ሆኛለሁ ብዬ።

ሐምሌ ገባ።

አባዬ የማታ ሁለት ሰዓት ዜና ሳያይ የሚተኛ ሰው አልነበረም። ዜናው ምንም ይሁን፣ ማንም ያንብበው፣ ወንበሩ ላይ ሆኖ እስከ ስፖርቱ ይጨርሳል። እኔ የምደውለው በምሳ ዕረፍቴ ነው። እዚህ እኩለ ቀን ሲሆን በበጋ አዲስ አበባ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ዜናው ሊጀምር አንድ ሰዓት ሲቀረው። ለዓመታት በዚህ ሰዓት ነው የምናወራው። አንድ ሰኞ ደወልኩ፤ ያነሳችው እናቴ ናት።

«አባዬስ?»

«ተኝቷል።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ደክሞታል። ተይው ይተኛ።»

ተውኩት። ማክሰኞም ተኝቷል። ረቡዕ ከጀርባዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፣ የሚንኳኳ ነገርም አለ። ምንድን ነው ስላት «ሰው መጥቷል» አለች። ታናሽ ወንድሜ ጋ ጻፍኩ፤ «ፈተና ላይ ነኝ፣ ሁሉም ሰላም» ብሎ መለሰ። በቪዲዮ ላድርገው ስል ኔትወርክ የለም ተባልኩ። ኋላ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ስቆጥር፣ በእነዚያ ቀናት ከተነገረኝ ሁሉ ውሸቱ ይሄ ብቻ ነበር። ኔትወርኩ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ሰዓት ቀይሬ ማታ ደወልኩ፤ እዚያ ነግቶ፣ ረፈድ ብሏል።

«ገና አልተነሳም?» አልኳት።

«አልተነሳም» አለች።

ይቺን ሁለት ቃል ብዙ ጊዜ አስቤባታለሁ። አማርኛ በአዎንታ «ተነሳ» እና «ተነስቷል» ብሎ ይለያል። በአሉታ ግን ሁለቱም «አልተነሳም» ላይ ይገናኛሉ። አለመነሳቱ የተዘጋ ነገር ይሁን፣ ወይ ሊነሳ የሚችል ሰው ገና መሆኑን የምትለየው «ገና» የምትባለዋ ትንሽ ቃል ናት። «ገና» ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ስትመልስ «ገና»ን ትታዋለች። ሥራዬ ይሄ ነው። ለማላውቀው ሰው ቢሆን አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ትጠይቅ ነበር።

አሥራ አንደኛው ቀን ሐሙስ ነው። ሳይነጋ ከእንቅልፌ ስነቃ ሳሎን መብራት በርቷል። የአክስቴ ልጅ፣ ባሏ፣ ከታች ፎቅ ያሉ ጎረቤቶቻችን፣ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ፣ ሁሉም ነጠላ ለብሰው ቆመዋል። ለመርዶ እንዴት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔም ከነሱ ጋር ተሰብስቤ የሰው በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ። ማንም ሳይናገር ገባኝ።

«ጋሼ አርፏል» አለችኝ የአክስቴ ልጅ።

አረፈ አላለችም። ትኩስ ሐዘን «አረፈ» ነው፣ «ሞተ» ነው፣ ጩኸት ነው። «አርፏል» ለኔ ጆሮ፣ ያለቀለት፣ ቀብሩም የተፈጸመ፣ ድንኳንም የተጣለ ነው። እንደዚያም ነበር። ያረፈው ማክሰኞ፣ የተቀበረው ረቡዕ። ረቡዕ እኔ ስድስት ሰው አስተርጉሜአለሁ።

ዝርዝሩን ቀስ በቀስ ሰማሁት። የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ወድቋል፤ ሆስፒታል ተኝቷል። ተኝቷል! አልጋ ይዟል ለማለት ሌላ ምን እንላለን? የሰው ድምፅ ይሰማኝ የነበረው የሆስፒታሉ ኮሪደር ነው፤ ሰው መጥቷል ያለችው ጠያቂውን ነው። ለካ ሁሉም ትክክል ኖሯል።

ኖሯል። ይቺን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ስመልሳት ሁልጊዜ ትጠፋብኛለች። «ሆስፒታል ተኝቶ ነበር» ማለት የሚያውቅ ሰው ንግግር ነው። «ሆስፒታል ተኝቶ ኖሯል» የሚለው ግን ነገሩ ሲሆን ያልነበረ፣ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ነው። ስሜቱ «ለካ» ነው። ሥሩ ደግሞ መኖር ነው፤ ኖረ፣ ኖሯል። ነገሩ እኔ ሳላውቀው ለብቻው ሲኖር ቆይቷል። አሥራ አንድ ቀን እኔ በኪኒንና በትምህርት ቤት ስብሰባ መሐል ሳስተረጉም ያ ሁሉ ሲኖር ኖሯል። ወንድሜ ሲነግረኝ «ነበር»ን ነው የሚጠቀመው፣ እኔ ለሰው ስነግር «ኖሯል»ን። በአንድ ቤት ልጆች መሐል ያለው ልዩነት ይሄው ነው፤ እሱ አልጋው አጠገብ ቆሟል፣ እኔ አልቆምኩም።

ለቅሶው እዚሁ ሳሎን ነው የተቀመጥነው። ንፍሮ ተቀቀለ፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ መጣ፣ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን ተዋስን። አባዬን አይተውት የማያውቁ ሰዎች «መልካም ሰው ነበሩ አሉ» ይሉኛል። ትንሿ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ሰው ሁሉ ሲሄድ «አንቺ ስልክ ላይ ታወሪው የነበረው ሰውዬ ነው?» አለችኝ። ግሡን አላስተካከልኩም። የሚስተካከልም አልነበረውም።

እናቴን በሳምንቱ ነው በደንብ ያናገርኳት። ተናድጄ ነበር። ሐዘን ላይ ያለን ሰው፣ ያውም እናትን፣ መናደድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ተናድጄ ነበር።

«እማዬ፣ ለምን ዋሸሽኝ?»

«መቼ ዋሸሁሽ? ተኝቷል አልኩሽ። ተኝቶ ነበር።»

«እቤት የተኛ ነበር የመሰለኝ!»

ዝም አለች።

«ብትነግሪኝ እመጣ ነበር» አልኳት።

«እሱን ፈርቼ ነው እኮ። ብነግርሽ ትመጪ ነበር። ወረቀትሽስ?»

ወረቀት የምትለው የመኖሪያ ፈቃዴን ነው። ያኔ ጉዳዬ አላለቀም ነበር። ከአገር ብወጣ ያለቀሰችልኝ፣ የተሳለችልኝ ሁሉ ገደል ይገባል፤ ተመልሼ ልገባ አልችልም። ይህን እኔም አውቃለሁ። ግን አልሰማም አልኩ፣ ጮህኩባት። እሷ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፤ «ሐዋሳ ስትማሪ፣ አባትሽን ጉንፋን ያዘው ከተባልሽ ጥለሽ ትመጪ ነበር። ፈተናም ካለ፣ ትመጪ ነበር።»

ከቁጣዬ መሐል የአስተርጓሚዋ ጆሮ ነቃ። ትመጪ ነበር፣ ትመጪ ነበር። በአማርኛ ያኔ ደጋግመሽ ያደረግሽው፣ ቢሆን ኖሮ የምታደርጊውም፣ አንድ ቅርጽ ነው ያላቸው። «በየበዓሉ እመጣ ነበር» እውነት የሆነ ነው። «ብትነግሪኝ እመጣ ነበር» ያልሆነ ነው። እናቴ ሰዋስው አንብባ አታውቅም። ግን አንዱን ከሌላው አወጣችው። ትመጪ እንደነበር አይታለች፤ ስለዚህ ትመጪ ነበር።

እውነት እመጣ ነበር ወይ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ራሴን የጠየቅኩት ይሄንን ነው። ለለቀስተኛው ሁሉ «ለገና ልመጣ ነበር» ስል ከርሜአለሁ። እሱ ደግሞ ሌላ ነው፤ «ልመጣ ነበር» ሻንጣ ያዘጋጀ፣ እግሩ ደጃፍ ላይ ያለ ሰው ንግግር ነው። እኔ ለገና ልመጣ አልነበረም። ትኬት አልቆረጥኩም፣ ዋጋም አላየሁም፤ ወረቀት ሳይኖረኝ እንዴት አድርጌ? ሰው ፊት ሲሆን ግን አፌ ላይ የሚመጣልኝ እሱ ነበር። ለእናቴ ያልኳት «እመጣ ነበር» የተሻለ እውነት አለው ብዬ አስባለሁ። መቶ በመቶ ግን አልምልም። አንዳንድ ሌሊት፣ ምረጪ ሳልባል በመቅረቴ የቀለለኝ ነገር አለ። እናቴ ምርጫውን ከእጄ ወስዳ ራሷ ተሸከመችው። አሥራ አንድ ቀን፣ ባሏ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ በየቀኑ ስልክ እያነሳች፣ እንዳትዋሽ ቃል እየመረጠች። ይህን ሳስብ ቁጣዬ ይወርዳል። ሳላስብ ስቀር ደግሞ ይመለሳል። ሁለቱም አሉ።

ወረቀቴ ባለፈው መስከረም ወጣ። ስነግራት እልል አለች፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ «አባትሽ ቢኖር ኖሮ» ብላ ሳትጨርሰው ወደ ሽንኩርት ዋጋ ገባች። ለጥር ትኬት ቆርጫለሁ። ቆርጫለሁ፤ ኢሜይሌ ውስጥ አለ።

ትንሿ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። አሁን «ተኝታለች» ትላለች። አሁንም ግን የክረምት ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ቆማ «እየለበስኩ ነው» ትለኛለች፤ እኔም ያቺን አልነካትም፣ እናቷ ታርማት።

ባለፈው እሑድ ወንድሜን ፈልጌ እናቴ ጋ ደወልኩ። እዚያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ዜናው ከኋላዋ ይሰማል። አሁን የምታየው እሷ ናት።

«የት ሄደ?»

«ተኝቷል።»

«የት?»

ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ ስትነሳ የወንበሩ ድምፅ ተሰማኝ፣ ነጠላ ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ ሲንሸራተት፣ በር ሲከፈት። ስልኩ ወደ ቪዲዮ ተቀየረ። መጀመሪያ ጨለማ ነበር፣ ኋላ መብራቱን አበራችው። ወንድሜ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ አፉን ከፍቶ፣ አልጋው ላይ በደረቱ ተዘርግቷል። ብርሃኑ ሲያርፍበት አጉተመተመና ትራሱን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ።

«አየሽው?» አለች እናቴ።

«አይቼዋለሁ።»